የወጣት ሙዚቀኞች መስተንግዶ በኢትዮጵያ፤ ከወሎ ጉባኤ ቤቶች እስከ አርባ ልጆች

መግቢያ

ከውጭ አገር የሚመጡ ወጣት ሙዚቀኞችን ተቀብሎ ማስተናገድ በዘመናችን የበጎ አገልግሎት ክበቦች ሥራ ሆኖ ይታያል። በ1905 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ከተማ የተመሠረተውን ሮታሪን የመሰሉ ማኅበራት፣ አባሎቻቸው የሌላ አገር ወጣቶችን በየቤታቸው እንዲያሳድሩ ማድረግን ልማድ አድርገውታል። እንግዳው ወጣት ይመጣል፤ ጥቂት ቀን ይሰነብታል፤ በአዳራሽ ይጫወታል፤ ይጨበጨብለታል፤ ከአስተናጋጆቹ ጋር ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይሄዳል። ነገር ግን እርሱ ከሄደ በኋላ በአስተናጋጁ ከተማ ምን ይቀራል? ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን ይህ ጥያቄ ነው።

እኛ በደሴና በኮምቦልቻ አካባቢ የምንኖር ተማሪዎች ስለ ሆንን፣ ጥያቄው ከሩቅ የመጣ አይደለም። አራቱ የታወቁት የዜማ ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ከእነዚህ ሁለቱ የአውራጃችንን ስም የያዙ ናቸው፤ ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ያለች የገበያ ከተማ ናት፤ አምባሰልም ከደሴ በስተሰሜን ያለ ተራራማ አገር ነው። እንግዲህ ሙዚቀኛ እንግዳ ወደዚህ አገር በመጣ ጊዜ ባዶ ቤት አይገባም፤ የራሱ ዜማ ወዳለው ቤት ይገባል። ይህ ነገር በመስተንግዶው ውስጥ ሲዘነጋ ምን እንደሚጎድል፣ ሲታሰብ ደግሞ ምን እንደሚገኝ ከታሪክ ለማሳየት እንሞክራለን።

በወሎ የቆየው ልማድ

በደሴ ከተማ የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» ተብሎ ይጠራል። ግንቦት 1906 ዓ.ም. በዚህችው ከተማ የወሎና የትግሬ ንጉሥ ተብለው ዘውድ የጫኑት ንጉሥ ሚካኤል፣ አዳራሹ ትልቁንም ትንሹንም የሚያበላ፣ ማንንም የማይጸየፍ መሆኑ በስሙ እንዲታወቅ ፈቀዱ። በግብር ቤት አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ መግባቱ፣ ማወደሱና አንዳንድ ጊዜም መውቀሱ የታወቀ ነው። ሆኖም የግብር ቤት መስተንግዶ የአንድ ቀን መስተንግዶ ነው፤ ሰው በልቶ፣ ጠጥቶ፣ አዳምጦ ይበተናል።

ከዚህ የሚጠልቀው ሌላው መስተንግዶ በአዳራሽ አልነበረም፤ በየመንደሩና በየትምህርት ቤቱ ነበር። የቆሎ ተማሪ ዜማ ለመማር ከወላጆቹ አገር ተለይቶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ የመምህር ስም ሰምቶ ይመጣል። ጎጆ ይቀልሳል፤ በየደጃፉ እየቆመ በእመቤታችን ስም ይለምናል፤ የመንደሩም ሴቶች ከዕለት እንጀራቸው ይቈርሱለታል። በእስልምናውም ወገን ደረሳው ጌታንና ጀማ ንጉሥን ወደመሰሉ የወሎ የትምህርት ማዕከሎች ከሩቅ አገር እየመጣ ከሼሁ እግር ሥር ይቀመጣል፤ ኪታቡን ይቀራል፤ ድቤ እየተመታ የሚዜመውንም መንዙማ ይለምዳል። የእርሱንም ቀለብ የሚችለው የአካባቢው ሕዝብ ነው።

አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው የሁለቱን አንድነት ነው። በሁለቱም ዘንድ እንግዳው ወጣት ነው፤ በሁለቱም ዘንድ የሚመጣው ድምፁን ሊያሠለጥን ነው፤ በሁለቱም ዘንድ አስተናጋጁ አንድ ባለጸጋ ሳይሆን ሕዝቡ ነው። መስተንግዶውም ሦስት ነገር ያሟላል፤ ይኸውም ቀለብ፣ ማደሪያና መምህር ነው። ጊዜውም በዓመታት እንጂ በቀናት አይቈጠርም። ወጣቱ ሲመለስ የአስተናጋጁን ዜማ ይዞ ይመለሳል፤ ወይም እዚያው መምህር ሆኖ ይቀራል። ክበብ የሚል ስም ባይኖረውም፣ ሕዝብ ተባብሮ የሰው ልጅ የሚያስተምርበት ሥርዓት ነበር። በወሎ እድር «ቅሬ» ይባላል፤ ቅሬ ለሐዘንና ለችግር ቀን የቆመ ማኅበር ቢሆንም፣ ሕዝቡ አነስተኛ መዋጮ አሰባስቦ ከፍ ያለ ጉዳይ መፈጸምን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቅ መሆኑን ይመሰክራል።

አርባ ልጆች

አሁን ከወሎ ወጥተን ወደ አዲስ አበባ እንለፍ። ከባሕር ማዶ የመጡ ወጣት ሙዚቀኞችን በማስተናገድ ረገድ በኢትዮጵያ ታሪክ ከሁሉ የላቀው ነገር የተፈጸመው በዚያ ስለ ሆነ ነው።

የናስ መሣሪያ ወደ አገራችን የገባው አስቀድሞ ነበር። በ1888 ዓ.ም. ከተገኘው የዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ለዐፄ ምኒልክ የሙዚቃ መሣሪያዎች በስጦታ መጥተው፣ ለመንፋት የሚችሉ ሰዎች ሠልጥነው ነበር። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽና እንደራሴ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ለጉብኝት ሲጓዙ ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ። በዚያም በአርመን ገዳም የሚያድጉትን ወላጅ አልባ ልጆች አገኙ፤ ሙዚቃቸውንም ሰምተው ደስ አላቸው። እነዚህ ልጆች ከ1915 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኦቶማን ቱርክ ግዛት በአርመን ሕዝብ ላይ ከተፈጸመው እልቂት የተረፉ ነበሩ። ራስ ተፈሪ የአርመኑን ፓትርያርክ አስፈቅደው አርባውን ወደ ኢትዮጵያ አስመጧቸው፤ ልጆቹም በዚያው በ1916 ዓ.ም. ማለቂያ በጳጉሜን አዲስ አበባ ገቡ። «አርባ ልጆች» የሚለው ስም የጸናላቸው ከዚህ የተነሣ ነው።

መንግሥት ቀለባቸውን፣ ማደሪያቸውንና ትምህርታቸውን ተቀበለ፤ የሙዚቃ መምህራቸውም አርመናዊው ሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያን ሆኑ። ከላይ በወሎ ያየናቸው ሦስቱ ነገሮች እዚህም ተሟልተው እናገኛቸዋለን። ልዩነቱ አስተናጋጁ ሕዝብ ሳይሆን ቤተ መንግሥት መሆኑ፣ መምህሩም ከእንግዶቹ ወገን መሆኑ ነው። የልጆቹ ጓድ የኢትዮጵያ መንግሥት የሙዚቃ ጓድ ሆኖ በበዓላትና በአቀባበል ሥነ ሥርዓት ያገለግል ጀመር።

ከዚህ መስተንግዶ የተገኘው ትልቁ ፍሬ በ1926 እ.ኤ.አ. ሙሴ ኬቮርክ የደረሱት የብሔራዊ መዝሙር ዜማ ነው። ቃሉን የጻፉት ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። መዝሙሩም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ተሰማ፤ ዘውዳዊው ሥርዓት እስከ ወደቀበት እስከ 1967 ዓ.ም. መጀመሪያም የአገሪቱ መዝሙር ሆኖ ኖረ። ዮፍታሔ ንጉሤ በጎጃም በደብረ ኤልያስ የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ የቅኔ ሰው ነበሩ። ስለዚህ መዝሙሩ ሁለት ዓይነት መስተንግዶ የተጋጠመበት ሥራ ነው ብንል ያስኬዳል፤ ቃሉ ከጉባኤ ቤት፣ ዜማውም አገራቸው ከጠፋባቸው ልጆች መምህር የመጣ ነውና።

ምን ተገኘ፤ ምንስ ጎደለ

አንዳንድ ሰው «በቅኝ ግዛት ያልተያዘች አገር መዝሙሯን ከውጭ ሰው መቀበሏ ያሳፍራል» ይል ይሆናል። እኛ ግን በዚህ አሳብ አንስማማም። ስደተኛው መምህር ያስጠለለውን አገር የሚያከብርበትን ዜማ መድረሱ ለእንግዳውም ለአስተናጋጁም ክብር ነው። ደግሞም ጓዱ ተበትኖ ከልጆቹ አንዳንዶቹ ወደ ሌላ አገር ከሄዱ፣ ሌሎቹም ኢትዮጵያን አገራቸው አድርገው ከቀሩ በኋላ ሙያው አልጠፋም። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊትና የማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓዶች በኢትዮጵያውያን ተሞሉ። የሙሴ ኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በብዙ ትምህርት ቤቶች አስተማሩ፤ በማዘጋጃ ቤትና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሙዚቀኞችን አሠለጠኑ፤ በ1977 እ.ኤ.አ. እስኪሞቱም ድረስ ከኢትዮጵያ አልተለዩም። በማዘጋጃ ቤት ጓድ ሥራ የጀመረው ጌታቸው መኩሪያ የጦረኛን ሽለላ በሳክስፎን ሲነፋ የሰማ ሰው፣ የእንግዳው መሣሪያ የቤቱን ቋንቋ መናገር እንደ ጀመረ አይጠራጠርም።

ይህ ሁሉ ሲሆን የጎደለም ነገር አለ። አርባ ልጆች የተቋቋሙት ለመንግሥት ክብር እንጂ የአገሩን ዜማ ለማጥናት አልነበረም። ማርሽ የሚነፋው በኖታ የተማረና ደመወዝ ያለው ባለሙያ ሲሆን፣ ማሲንቆ የሚመታው ግን በጠጅ ቤትና በሠርግ ቤት ሽልማት ጠባቂ ሆኖ ቀረ። አዝማሪ የሚለውም ቃል እንደ ስድብ ይቈጠር ነበር። ቤቱ እንግዳውን ሲያከብር የራሱን ልጅ ደጅ አቁሞ ነበር ማለት ነው።

ጉዳቱ የክብር ብቻ አይደለም፤ በዜማውም ላይ ይደርሳል። ለምሳሌ አምባሰልን እንውሰድ። እንደ ሌሎቹ ቅኝቶች አምስት ድምፅ ያለው ሲሆን፣ ከአውሮፓው ሰባት ድምፅ ሦስተኛውንና ሰባተኛውን ይዘልላል። የአውሮፓ አጃቢ ስምምነት ግን የሚገነባው ከመነሻው ድምፅ ላይ ሦስተኛውንና አምስተኛውን በመደረብ ነው። እንግዲህ አጃቢው እንደ ለመደው ሦስተኛውን ድምፅ ቢጨምር፣ አምባሰል የሌለው ድምፅ ገባበት ማለት ነው፤ ኖታ የማያውቅ የወሎ ገበሬ እንኳ ዜማው እንደ ተበላሸ ወዲያው ይነግረዋል። ነርሲስ ናልባንዲያንን የመሰሉ ሰዎች የኢትዮጵያን ዜማ ለትልቅ ጓድ ሲያቀናብሩ የገጠማቸው ችግር ይህን የመሰለ ነበር። ችግሩ የሚቃለለው እንግዳው ከባለቤቱ ሲማር ብቻ ነው።

እንግዳው ተማሪ ሲሆን

እንግዳው ከባለቤቱ የተማረበት ዘመን ከአርባ ልጆች አርባ ዓመት ያህል ዘግይቶ መጣ። ግብጻዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምሩ መጥተው ሳለ፣ በ1963 እ.ኤ.አ. ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የተባለውን ጓድ አቋቋሙ። በዚህ ጓድ ማሲንቆ፣ ክራር፣ በገና፣ ዋሽንትና ከበሮ የሚጫወቱ የየአውራጃው ባለሙያዎች በአንድ መድረክ ተቀመጡ። ተስፋዬ ለማም በኋላ መሪነቱን ይዞ ብዙ ደከመበት።

በዚያው ዘመን የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች ከ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ወደ ኢትዮጵያ ይመጡ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ቻርልስ ሳተን ከጌታመሳይ አበበ ዘንድ ማሲንቆ ተማረ። ከኢትዮጵያውያኑም ጋር ተጫወተ፤ በ1969 እ.ኤ.አ. ኦርኬስትራው በአሜሪካ እየተዘዋወረ ሙዚቃውን ባሰማ ጊዜም አብሮ ነበረ። እዚህ ላይ የነገሩ አቅጣጫ ተለውጧል። ለማስተማር ተልኮ የመጣው ወጣት ደቀ መዝሙር ሆነ፤ ማሲንቆ መቺውም መምህር ተባለ። በወሎ የቆሎ ተማሪውና ደረሳው የኖሩበት ሥርዓት ይህ አልነበረምን? እንግዳው ከመምህሩ ፊት ይቀመጣል፤ ሰምቶ ይደግማል፤ ሲሳሳት ይታረማል።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ ለከተማችን የሚጠቅም ምክር የምናገኝ ይመስለናል። ደሴ የባለሙያ ደሀ አይደለችም። በደርግ ዘመን የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ከዚህች ከተማ ተነሥቶ የባቲንና የአምባሰልን ዜማ በአገሩ ሁሉ አሰምቷል፤ እንደ ማሪቱ ለገሠ ያለች ድምፀ መልካምም ከእርሱ ወጥታለች። ስለዚህ በደሴ ወይም በኮምቦልቻ የሚገኝ ማንኛውም የበጎ አገልግሎት ክበብ ከውጭ አገር ወጣት ሙዚቀኞችን ለመቀበል ባሰበ ጊዜ አራት ነገሮችን እንዲያስብ እናሳስባለን።

አንደኛ፣ እንግዶቹ በሆቴል ሳይሆን በቤተሰብ እንዲያድሩ፤ የሰው ቋንቋና ጠባይ የሚለመደው በማዕድ ዙሪያ ነውና። ሁለተኛ፣ የቆይታቸው ጊዜ አንድ ቅኝት እንኳ ለመልመድ የሚበቃ እንዲሆን። ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ የአገር ባለሙያ መምህር እንዲመደብለት፤ ለዚህም መምህር እንደ ማንኛውም መምህር ደመወዝ እንዲከፈለው። አራተኛ፣ እንግዶቹ የያዙትን ሙያ ለትምህርት ቤት ልጆች አካፍለው እንዲሄዱ፤ የኖታን ትምህርት የተጠሙ ልጆች ብዙ ናቸውና።

ከአራቱ ምክሮች ሦስተኛውን ከሁሉ እናስቀድማለን። በአንዳንድ የአቀባበል ዝግጅት አዝማሪው የሚጠራው ምሳ ካለቀ በኋላ፣ ለእንግዶቹ ማሳቂያ ያህል እንደ ሆነ እናውቃለን። አርባ ልጆችን የተቀበለው ዘመን ለእንግዳው ቀለብ፣ ማደሪያና መምህር ሳይነፍግ የቤቱን ዜመኛ ግን ረስቶ ነበር። ይህን ስሕተት ያረሙልን እንደ ጌታመሳይ አበበ ያሉ መምህራንና ከእነርሱ ሊማሩ የወደዱ እንግዶች ናቸው። እኛም በባቲና በአምባሰል መካከል ተቀምጠን የቀደመውን ስሕተት ብንደግም፣ እንደ ቀደሙት አላወቅንም ብለን ልናመካኝ አንችልም።