ታላቅ መንግሥት የዓለም ፖሊስ ሊሆን ይገባዋልን?

በአገራችን ፖሊስ የሚባል ነገር ሳይታወቅ በፊት፥ ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ሲጣሉ አንደኛው «በሕግ አምላክ!» ያለ እንደ ሆነ ሌላው እጁን ይሰበስብ ነበር። ከዚያም ኩታቸውን ቋጥረው አብረው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ፤ ዳኛም ቢርቅ መንገደኛውን «ዳኘን» ይሉታል። «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» የተባለውም ስለዚህ ነው። ጉልበተኛውን ያቆመው፥ እርሱንም ደካማውንም የሚገዛ አንድ ሕግ መኖሩን ማመኑ ነበር።

በመንግሥታት መካከልስ ጉልበተኛውን የሚያቆመው ማን ነው? አንዳንድ ሰዎች ከሁሉ የበረታው መንግሥት የዓለም ፖሊስ ሆኖ ጸጥታን ቢጠብቅ ይሻላል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ እያንዳንዱ መንግሥት በራሱ ደጃፍ ይወሰን ይላሉ። ሁለቱም አሳብ በታሪክ ስለ ተፈተነ፥ ፍሬውን መመርመር ይገባናል።

የመጀመሪያውን አሳብ በግልጽ ከተናገሩት መሪዎች አንዱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ናቸው። በ1897 ዓ.ም. ለአገራቸው ምክር ቤት በላኩት መልእክት፥ ጎረቤት አገሮች ሥርዐት ያጡ እንደ ሆነ አሜሪካ ሳትወድም ቢሆን የዓለም አቀፍ ፖሊስነት ሥልጣን ልትሠራበት ትገደድ ይሆናል ሲሉ አስታወቁ። ከዐሥር ዓመት በኋላ፥ በሐምሌ ወር 1907 ዓ.ም.፥ የሃይቲ ፕሬዚዳንት በዐመፀኞች እጅ ተገደሉ፤ ወዲያው የአሜሪካ የባሕር ወታደሮች በፖርት ኦ ፕሪንስ ወረዱ። ሥርዐት ለማስከበር መጣን ያሉት ወታደሮች 19 ዓመት ተቀመጡ። የጉምሩኩ ገቢ በእጃቸው ገባ። በ1910 ዓ.ም. የወጣው አዲስ ሕገ መንግሥት ቀድሞ ተከልክሎ የነበረውን የውጭ አገር ሰዎች የመሬት ባለቤትነት ፈቀደ። ገበሬው በግዴታ እየተነዳ መንገድ ሠራ፤ ከዚህም የተነሣ በሻርለማኝ ፔራልት መሪነት ሸፈተ፤ ፔራልትም በ1912 ዓ.ም. ተገደለ። ወታደሮቹ የወጡት በ1926 ዓ.ም. ነው። መንገድና ሆስፒታል መሥራታቸው አይካድም። ነገር ግን አንድ የሃይቲ ገበሬ በደል ቢደርስበት «በሕግ አምላክ» የሚለው ለማን ነበር? ከሳሹም፥ ፖሊሱም፥ ዳኛውም አንድ ሆነው ነበርና ሰሚ አልነበረውም።

እንግዲህ ፖሊስ አያስፈልግም እንበልን? ይህን ለማለት የእኛው የአገራችን ታሪክ አይፈቅድልንም። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን፥ አንዱ አባል ቢጠቃ ሌሎቹ ይረዱታል በሚለው ቃል ኪዳን ታምና ነበር። በመስከረም ወር 1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ ወረረችን። ማኅበሩ ኢጣልያን ጥፋተኛ ናት ብሎ ፈረደ፤ የንግድ ማዕቀብም አደረገባት። ይሁን እንጂ ለጦር መኪናዋ ደም የሆነው ነዳጅ ዘይት በማዕቀቡ ውስጥ አልገባም፤ የስዌዝም ቦይ ጦሯን ለሚያመላልሱት መርከቦች አልተዘጋም። ብሪታንያና ፈረንሳይ ኀይሉ ነበራቸው፤ ግን ሞሶሊኒን ማስቀየም አልወደዱም። በወገኖቻችን ላይ የመርዝ ጋዝ ዘነበ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ ቆመው አቤት አሉ፤ ይህም የአንድ ሕዝብ «በሕግ አምላክ» ነበረ። ከጥቂት ቀኖች በኋላ ማኅበሩ ማዕቀቡ እንዲነሣ ወሰነ። ከሦስት ዓመት በኋላ ጦርነቱ አውሮፓን ራሷን አቃጠላት።

ከዚህ ጋራ የሚነጻጸር ሌላ ምሳሌ የኮሪያ ጦርነት ነው። በ1942 ዓ.ም. ሰሜን ኮሪያ ደቡቡን በወረረች ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት የተወረረው እንዲረዳ ወሰነ። ጦሩን የመራችው አሜሪካ ብትሆንም 16 አገሮች ወታደሮቻቸውን ሰደዱ። ኢትዮጵያም የቃኘውን ሻለቃ ላከች፤ ከ120 የሚበልጡ ልጆቿ በዚያ ወደቁ። በ1928 የተነፈገችውን ርዳታ ለሌላው ለመስጠት መሄዷ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን እውነቱን እንናገር፤ ውሳኔው የተገኘው ሶቪየት ኅብረት በቻይና ወንበር ነገር አኩርፋ ከስብሰባው ስለ ቀረች ነው። ተገኝታ ቢሆን ኖሮ በድምፅዋ ልታግደው ትችል ነበር።

ዳኝነት በአጋጣሚ ላይ ሲቆም ምን እንደሚመጣ የ1986 ዓ.ም. ታሪክ ያሳያል። በመስከረም ወር በሞቃዲሾ በተደረገው ውጊያ 18 አሜሪካውያን ወታደሮች ስለ ሞቱ፥ አሜሪካ ጦሯን ከሶማሊያ አስወጣች። በዚያው ዓመት በመጋቢት መጨረሻ በሩዋንዳ እልቂት ሲጀመር ታላላቆቹ መንግሥታት ሊገቡበት አልፈቀዱም፤ የጸጥታው ምክር ቤትም በዚያ የነበረውን ጦር ወደ 270 ሰው እንዲቀነስ ወሰነ። በመቶ ቀን ውስጥ 800 ሺህ ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካና ብሪታንያ ምክር ቤቱ ሳይፈቅድ ኢራቅን ወረሩ፤ ለመግባታቸው ምክንያት ያደረጉት የጅምላ መፍጃ መሣሪያ ግን አልተገኘም። ሲጠሩት የሚቀር፥ ሳይጠሩት የሚመጣ ፖሊስ ለማንም መተማመኛ አይሆንም።

ስለዚህ የእኔ መልስ ይህ ነው። ታላቅ መንግሥት በገዛ ፈቃዱ የዓለም ፖሊስ ሊሆን አይገባውም፤ ኀይሉን ግን ለጋራ ሕግ ሊያውል ይገባዋል። ይህም እንዲሆን ፖሊሱ ራሱ ሲያጠፋ የሚጠየቅበት ሸንጎ ያስፈልጋል። ዛሬ አምስት መንግሥታት በጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔን የማገድ ሥልጣን ይዘው በገዛ ራሳቸው ነገር ላይ ዳኛ ሆነዋል፤ ይህ ቋጠሮ ሳይፈታ ትክክለኛ ፍርድ ይገኛል ማለት ያስቸግራል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፤ «እኛ ትንሾች ነን፥ ምን እናደርጋለን?» አትበሉ። ያ በመንገድ ላይ የሚያልፈው ሰው ሹመት አልነበረውም፤ ግን «ዳኘን» ሲሉት ቆሞ ይሰማ ነበር። እኛም በደል በራሳችን ላይ ሲደርስ ብቻ ሳይሆን በሩቁ ሕዝብ ላይ ሲደርስ፥ በዳዩም ወዳጃችን ቢሆን እንኳ፥ «በሕግ አምላክ» ማለትን እንልመድ። ለእኛ በተባልንም ጊዜ እጃችንን እንሰብስብ።