መጀመሪያ ማን ይምረጥ? ከሞንትሪያል ሆቴል እስከ ኮምፒውተር ሊግ

ሰፈር ውስጥ ኳስ ተጫውታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያው የዚህን ታሪክ ግማሽ ታውቁታላችሁ ማለት ነው። ሁለት ጎበዞች አምበል ይሆናሉ፤ ቀሪዎቻችን አጥር ተደግፈን እንቆማለን፤ እነሱ ተራ በተራ ይመርጣሉ። እኔ ብዙ ጊዜ የምመረጠው መጨረሻ ላይ ነበር፣ ያውም ለበረኛነት። ያኔ የሚያናድደኝ መጨረሻ መመረጤ ነበር። ምህንድስና ካጠናሁ በኋላ ግን ሌላ ነገር ይከነክነኝ ጀመር፦ ቀድሞ የመረጠው አምበል ለምን ብዙ ጊዜ ያሸንፋል?

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ታሪክ ያገኘሁት እኛ ብዙም በማናውቀው ጨዋታ፣ በበረዶ ሆኪ ውስጥ ነው። በእያንዳንዱ ወገን በረኛውን ጨምሮ 6 ሰው በረዶ ላይ እየተንሸራተተ፣ ፓክ የምትባል ጠፍጣፋ ጎማ በዱላ እየመታ ጎል ለማግባት ይታገላል። ትልቁ ሊግ ኤንኤችኤል ሲሆን የተመሠረተው በ1917 በካናዳዋ ሞንትሪያል ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቀድሞ የደረሰ ይወስዳል

ድሮ የኤንኤችኤል ክለቦች የታዳጊ ቡድኖችን በገንዘብ ይደግፉ ነበር። ልጁ ገና በጠዋቱ ይፈርማል፤ ከፈረመ በኋላ ሌላ ክለብ አይነካውም። ከምንጊዜም ታላላቆች አንዱ የሆነው ቦቢ ኦር ለቦስተን ሲፈርም 14 ዓመቱ ነበር! ገንዘብና ሰው ያለው ክለብ ጎበዞቹን ይሰበስባል፣ የሌለው የተረፈውን ይወስዳል።

ይህን ለማስተካከል ድራፍት መጣ። (ድራፍት ስል ቢራው ትዝ እንዳይላችሁ!) ክለቦች አንድ ላይ ሆነው ወጣቶችን በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ነው። የመጀመሪያው በጁን 5 ቀን 1963 በሞንትሪያል ኩዊን ኤልዛቤት ሆቴል ተካሄደ። 6 ክለቦች 21 ታዳጊዎችን መረጡ። አንደኛ የተመረጠው ጋሪ ሞናሃን ገና 16 ዓመቱ ነበር። በክለብ የተያዙ ልጆች በዚያን ጊዜ ለምርጫ አይቀርቡም ነበር፤ በሩ ለሁሉም የተከፈተው በ1969 ነው። ቀስ በቀስም ዋናው ደንብ ይህ ሆነ፦ ባለፈው ዓመት ደካማ የነበረው ቀድሞ ይምረጥ።

የሌለው ተጫዋች

በ1974 አንድ አስቂኝ ነገር ተፈጠረ። ኤንኤችኤል ደብልዩኤችኤ የሚባል ተፎካካሪ ሊግ ስለነበረበት፣ ምርጫውን በምስጢር በስልክ አደረገው። ነገሩ ተንዛዛ። የቡፋሎ ሴበርስ ሥራ አስኪያጅ ፐንች ኢምላክ ሰለቸው፤ በ11ኛው ዙር፣ በ183ኛው ተራ፣ “ታሮ ቱጂሞቶ፣ ከቶኪዮ ካታናስ” ብሎ አስመዘገበ። እንዲህ የሚባል ተጫዋችም ሆነ ቡድን አልነበረም! ሊጉ ግን ስሙን ጻፈው፤ ቀልድ መሆኑ ሲታወቅ ነው የተሰረዘው።

ሳቅ ብላችሁ አትለፉት። 183ኛው ተራ ላይ ስንደርስ ተጫዋቹ ለመራጮቹ በወረቀት ላይ ያለ አንድ መስመር ብቻ ነበር ማለት ነው። ታዲያ ሊጉን በሙሉ ወረቀት ላይ ማጫወት አይቻልም?

ዳይስ፣ ካርድና ኮምፒውተር

ይቻላል። አሜሪካዊው ሃል ሪችማን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ስትራት ኦ ማቲክ የተባለ የቤዝቦል ጨዋታ ለገበያ አቀረበ፤ በ1970ዎቹ ደግሞ የሆኪው መጣ። እያንዳንዱ ተጫዋች ካርድ አለው፤ የዓመቱ ውጤቱ ወደ ዕድል መጠን ተቀይሮ ካርዱ ላይ ሰፍሯል። የሚሆነውን የሚወስነው ዳይስ ነው። ሁለት ዳይስ ስትጥሉ 36 ዓይነት ውጤት አለ፤ ድምሩ 7 የሚሆነው በ6ቱ፣ 2 የሚሆነው ግን በ1ዱ ብቻ። ስለዚህ የጎበዙን ጎል 7 ላይ፣ የሰነፉን 2 ላይ ብትጽፉ ልዩነታቸውን በቁጥር አስቀመጣችሁ ማለት ነው። እኛ መሐንዲሶች ይህን ሲሙሌሽን እንለዋለን።

ቀጥሎ ኮምፒውተር መጣ። ፉትቦል ማናጀርን የምትጫወቱ ልብ በሉ፦ ያው ድርጅት በ2004 ፊንላንዳዊው ሪስቶ ሬመስ የፈጠረውን ኢስትሳይድ ሆኪ ማናጀርን አሳትሟል። ጓደኛሞች እያንዳንዳቸው አንድ ክለብ ይይዛሉ፣ ድራፍት ያደርጋሉ፣ ጨዋታውን ኮምፒውተሩ ያጫውታል። የታዳጊው እውነተኛ አቅም ድብቅ ቁጥር ነው፤ መልማዮቻችሁ የሚነግሯችሁ ግምት ነው፣ ግምቱም ይሳሳታል። ይህ ከእውነቱ የራቀ አይደለም። በ1984 በ171ኛው ተራ የተመረጠው ሉክ ሮቢታይ በኤንኤችኤል 668 ጎል አግብቷል። ከእሱ በፊት 170 ጊዜ ሌላ ስም ተጠርቶ ነበር!

ተራው ራሱ ሲመዘን

አሁን ወደ ሰፈራችን አምበሎች እንመለስ። ሀ እና ለ እንበላቸው። 8 ተጫዋቾች አሉ፣ ችሎታቸው ከ8 እስከ 1። ሀለሀለሀለሀለ እያሉ ቢመርጡ፣ ሀ 8፣ 6፣ 4 እና 2ን ይወስዳል፤ ድምሩ 20። ለ የሚደርሰው 16 ነው። ጨዋታው ሳይጀመር አለቀ!

በሲሙሌሽን ሊጎች የተለመደው መፍትሔ የእባብ ተራ ነው፦ ሀለ፣ ለሀ፣ ሀለ፣ ለሀ። ተራው ጫፍ ሲደርስ እንደ እባብ ይታጠፋል። ድምሩ 18 ለ 18 ይሆናል።

ግን ኮከብ ተጫዋች ከሌላው እጅግ ቢበልጥስ? ችሎታቸው 64፣ 49፣ 36፣ 25፣ 16፣ 9፣ 4 እና 1 ነው እንበል። በእባብ ተራ ሀ 106፣ ለ 98 ያገኛል። አሁንም ቀዳሚው ተጠቀመ። እስቲ ሀለለሀ ለሀሀለ ብላችሁ ሞክሩት፤ 102 ለ 102! ሁለተኛው ግማሽ የመጀመሪያው ግልባጭ ነው። ፈረንሳዊው ዩጂን ፕሩኤ በ1851፣ ኖርዌያዊው አክሰል ቱ ደግሞ በ1906 ይህን ዓይነት ቅደም ተከተል ያጠኑት ለሆኪ ብለው አልነበረም። ዛሬ ቱ-ሞርስ ይባላል።

መሸነፍ ሲያዋጣ

ሒሳብ ግን የሰውን ልብ አያስተካክልም። በ1984 ሁሉም የሚመኘው ማሪዮ ለሚውን ነበር። ፒትስበርግ ዓመቱን በ38 ነጥብ መጨረሻ፣ ኒው ጀርሲ በ41 ነጥብ ከመጨረሻ ሁለተኛ ሆነው ጨረሱ። ፒትስበርግ ሆን ብሎ ተሸነፈ የሚል ክስ ተነሣበት። ለሚውን አገኘ፤ በ1991 እና በ1992 ዋንጫ አነሣ። ደካማን ለመርዳት የወጣ ደንብ ደካማ መምሰልን አትራፊ አደረገው ማለት ነው። ሊጉ ከ1995 ጀምሮ ዕጣ አስገባ፤ መጨረሻ መውጣት ብቻውን አንደኛ ምርጫን አያረጋግጥም። የኮምፒውተር ሊግ የሚያዘጋጁ ጓደኛሞችም ያው ፈተና ይገጥማቸዋል።

ይሄኔ እቁብ ትዝ ይለኛል። እቁብ ውስጥም ጥያቄው “መጀመሪያ ማን ይውሰድ?” ነው፤ መልሱም ዕጣ ነው። ሆኖም አባል ሲቸገር፣ ሰርግ ወይም ሕመም ሲገጥመው፣ ዳኛው ሌሎቹን አስማምቶ ያስቀድመዋል። የውሸት ቸግሮኛል ማለት ለምን ይከብዳል? ስለሚተዋወቁ። በማይተዋወቁ መካከል ግን ዕጣው ይሻላል፤ ዕጣ የማንንም ልብ መመርመር አያስፈልገውም።

ስለዚህ “ፍትሐዊው ተራ የቱ ነው?” ከማለታችሁ በፊት “ተራው ሰዎችን ምን እንዲያደርጉ ይገፋፋል?” ብላችሁ ጠይቁ። እውነተኛ ሊግ ላይ ደንብ ለመፈተን ዓመታት ይፈጃል፣ ተመልካችም ያዝናል። ዳይስና ወረቀት ካላችሁ ግን ዛሬ ማታ 100 ጊዜ መሞከር ትችላላችሁ።

ቅዳሜ ኳስ ስትወጡም ሀለለሀ ለሀሀለ በሉና ምረጡ። መጨረሻ የሚመረጠው ልጅ አሁንም መጨረሻ ነው፤ ቢያንስ ግን የሚገባው ቡድን የማሸነፍ ዕድል ይኖረዋል።