አሳማው ወይስ ዳቦው? የዴንማርክ የምግብ ቁጠባ ታሪክ

በማናቸውም የምርት ሥራ ቁጠባ የሚሠምረው ብክነቱ ከሚፈጠርበት ቦታ ሲጀመር ነው። ይህ ለመሐንዲስ እንግዳ ያልሆነ ደንብ ለማዕድም እንደሚሠራ የዴንማርክ ታሪክ ያስረዳል። ሥጋና ለስላሳ መጠጥ መቀነስ ለጤናም ለምድርም እንደሚበጅ ዛሬ በብዙ አገሮች ይነገራል። ዴንማርክ ግን በመቶ ዓመት ውስጥ ይህንኑ የመሰለ ቁጠባ በሁለት የተለያዩ መንገዶች ሞክራለች።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ርካሽ የአሜሪካና የሩሲያ እህል የአውሮፓን ገበያ ሲያጥለቀልቅ፣ የዴንማርክ ገበሬ ፊቱን ወደ ከብትና አሳማ እርባታ አዞረ። ከውጭ በሚገባ መኖ እየቀለበም ቅቤና የአሳማ ሥጋ ለእንግሊዝ ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1917 ጀርመን ያልተገደበ የባሕር ሰርጓጅ ጦርነት ስታውጅና አሜሪካም ወደ ጦርነቱ ስትገባ የመኖው መንገድ ተቆረጠ፤ በአገር ውስጥ የቀረው እህል ለሰውም ለእንስሳም የማይበቃ ሆነ።

የመንግሥቱ አማካሪ የነበረው የሥነ ምግብ ሊቅ ዶክተር ሚከል ሂንድሄደ ያቀረበው ሒሳብ ቀላል ነበር። አሳማ የሚቀለበው ገብስና ድንች ሰው ሊመገበው የሚችል ሲሆን፣ በሥጋ መልክ ተመልሶ የሚገኘው ግን ከዚሁ ጥቂቱ ብቻ ነው። ስለሆነም አሳማው ይቀነስ፣ እህሉም ለዳቦ ይዋል አለ። ከአሳማዎቹ ከአምስት እጅ አራት እጅ ያህሉ፣ ከወተት ላሞቹም ሲሶ ያህሉ ተቀነሱ። ዳቦው ከነፉሽካው ይጋገር ጀመር። ለአረቄ የሚውለው እህልና ድንች ተገደበ፤ ከቀረጡም የተነሣ ከ1 ክሮነር በታች ይሸጥ የነበረው ጠርሙስ 11 ክሮነር ገባ።

ሂንድሄደ እ.ኤ.አ. በ1920 በአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ፣ በዚያ የቁጠባ ዓመት የኮፐንሐገን ነዋሪዎች ሞት በሲሶ ያህል መቀነሱን አስታወቀ። ይሁን እንጂ ሥጋውና አረቄው በአንድነት ስለተቀነሱ የእያንዳንዱን ድርሻ ለይቶ መናገር ያስቸግራል። ሌላም ሊዘነጋ የማይገባው ነገር አለ። ቅቤው ለውጭ ገበያ በሚቀርብበት ጊዜ፣ ቅባቱ የወጣለት ወተትና ማርጋሪን የሚመገቡ የድሆች ልጆች በቫይታሚን ኤ እጥረት በሚመጣ የዓይን በሽታ ይጠቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1918 ቅቤው በራሽን ለሕዝቡ ሲታደል በሽታው መቀነሱን የሕፃናት ሐኪሙ ካርል ብሎክ መዝግቧል። እንግዲህ አሳማን መቀነስና ሕፃንን ወተት መንሳት አንድ አይደሉም።

ሁለተኛው ሙከራ የተደረገው በሰላም ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2011 በሥጋ፣ በቅቤና በአይብ ውስጥ በሚገኘው የሚረጋ ሥብ ላይ በኪሎ 16 ክሮነር ቀረጥ ተጣለ። በለስላሳ መጠጥ ላይ ደግሞ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የቆየ ቀረጥ ነበር። ነገር ግን በዚህ ጊዜ በሩ ክፍት ነበር፤ ሸማቹ ድንበር ተሻግሮ በጀርመን ይገዛል፣ የአገሩ ነጋዴ ያማርራል። ከዚህም የተነሣ የሥቡ ቀረጥ እ.ኤ.አ. በ2013፣ የለስላሳው በ2014 መባቻ ተሻረ። በዚያው ዕለት ሜክሲኮ በአንድ ሊትር ጣፋጭ መጠጥ ላይ የ1 ፔሶ ቀረጥ ጀመረች፤ ሽያጩም መቀነሱን በኋላ የተደረጉ ጥናቶች አሳዩ። ስለዚህ የዴንማርክን ቀረጥ ያሰናከለው ቀረጥነቱ ሳይሆን ማምለጫው ቅርብ መሆኑ ነው ማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ2024 የዴንማርክ ፖለቲከኞች ከ2030 ጀምሮ ከብት አርቢው እንስሳቱ ለሚያወጡት የሙቀት አማቂ ጋዝ ቀረጥ እንዲከፍል ተስማሙ፤ መነሻው በቶን 300 ክሮነር ሆኖ በ2035 ወደ 750 እንዲያድግ፣ ከዚሁም ላይ ቅናሽ እንዲደረግለት ተወሰነ። ይህ ቁጥጥሩን ከሱቅ ወደ በረት የመለሰ በመሆኑ ከ1917ቱ መርሕ ጋር ይዛመዳል። ልዩነቱ ግን ያን ጊዜ ባሕሩ በጦርነት ተዘግቶ መቆየቱ ነው። ዛሬ በዴንማርክ የቀረው አሳማ በሌላ አገር መኖ ተቀልቦ ሥጋው በመርከብ የሚመለስ ከሆነ፣ ቁጠባው የቦታ ለውጥ ብቻ ይሆናል። በረቱ ሲቀነስ የገበታው ልማድም አብሮ ካልተለወጠ ሒሳቡ አይዘጋም።