የማይሻገር ታሪክ፦ ከዋስ እስከ ሲም ካርድ

የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በዘመሮ አንድ ሰው እህል በዱቤ ለመውሰድ ወረቀት አያስፈልገውም። የማን ልጅ እንደሆነ፣ ባለፈው ክረምት የተበደረውን መቼ እንደመለሰ፣ በእቁብና በእድር ውስጥ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ገበያው ያውቃል። ያው ሰው ዲቪ ደርሶት ዋሽንግተን ሲገባና በወር መጨረሻ የሚከፈል የስልክ ውል ሲጠይቅ ግን ድርጅቱ የብድር ታሪኩን ፈልጎ ያጣዋል። በአሜሪካ በብዛት የሚሠራበት የፋይኮ የብድር ነጥብ እንዲወጣ ቢያንስ 6 ወር የሞላው የብድር ሒሳብ ያስፈልጋል። ስለዚህ አዲስ ገቢው ወይ መያዣ ያስይዛል፣ ወይ አስቀድሞ እየከፈለ ይደውላል። ይህ ሲነገር ጉድለቱ የስደተኛው ሆኖ ይነገራል፤ «ታሪክ የለውም» ይባላል። የመተማመኛን ታሪክ በአገራችን ለተከተለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሰውየው ታሪክ አለው፤ የጎደለው ያንን ታሪክ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ የሚያሻግር ሥርዓት ነው።

በደጋው አገር ይህን የማሻገር ሥራ ሲሠራ የኖረው ዋስ ነው። ሙግት የሚጀመረው ከሳሽም ተከሳሽም ዋስ ሲጠሩ ነበር፤ ዋስ ያልጠራ ሰው ቃሉ ብቻውን አይበቃውም። ፍትሐ ነገሥቱም ስለ ዋስትና ይደነግጋል፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ከአንቀጽ 1920 ጀምሮ ዘመናዊ መልክ ሰጥቶታል። አሠራሩ በቅርብ የሚታየው በእቁብ ነው። ዕጣው መጀመሪያ የወጣለት አባል የሌሎቹን ገንዘብ ይዞ ይሄዳል፤ የራሱን መዋጮ ግን ገና ለብዙ ሳምንታት መጣል አለበት። በሥርዓቱ የመጨረሻው ባለ ዕጣ አበዳሪ፣ የመጀመሪያው ተበዳሪ ነው። ስለዚህ የእቁቡ ዳኛ ገንዘቡን ከማስረከቡ በፊት ዋስ ያስጠራል፣ ጸሐፊውም ስሙን ይመዘግባል። ዳኛው ገንዘብ ወሳጁን ጨርሶ ላያውቀው ይችላል፤ ዋሱን ካወቀ ግን ይበቃዋል። አዲስ ሰው ወደ ማኅበር የገባበት በር ይህ ነበር፦ ሰው በሰው ይታወቃል።

ስልክ ወደ አገራችን የገባው ከዚህ የመተማመን ልማድ ርቆ ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 በዳግማዊ ምኒልክ ትእዛዝ የተጀመረው 477 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የሐረርና የአዲስ አበባ መስመር የመንግሥት መሣሪያ ነበር። በ1945 ዓ.ም የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ከተቋቋመ በኋላም መደበኛው ስልክ ከቤት ጋር የተያያዘ ነበርና ደንበኛው አድራሻ ያለው ሰው መሆን ነበረበት። ከ1967 ዓ.ም በኋላ ደግሞ ቀበሌ መጣና የሰውን ማንነት የመመስከሩን ሥራ ከዋስ ወደ ማኅተም አዛወረው። ከገጠር ወይም ከክፍለ ሀገር ወደ አዲስ አበባ የመጣ ሰው መታወቂያ ለማውጣት ከለቀቀበት ቀበሌ መሸኛ ማምጣት ነበረበት። መሸኛ ሳይዝ የመጣ ሰው መታወቂያ አያገኝም፤ መታወቂያ የሌለው ሰው ደግሞ ብዙ በር ተዘግቶበት ይቆማል።

በ1991 ዓ.ም ተንቀሳቃሽ ስልክ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ሲጀምር ይህ ሁሉ አብሮ ገባ። ሲም ካርድ የሚወጣው በመታወቂያ ነበር፤ መታወቂያ ያላወጣ መጤ ብዙ ጊዜ በዘመድ ወይም በአሠሪ ስም የወጣ ሲም ይዞ ኖሯል። ዋሽንግተንም እንዲሁ ነው፦ አዲስ የመጣ ዘመድ ቀድሞ በገባው ሰው ውል ላይ አንድ ተጨማሪ መስመር ሆኖ ይገባል፣ ሒሳቡ በአስተናጋጁ ስም ይመጣል። በሁለቱም ከተሞች የሆነው አንድ ነገር ነው። ተቋሙ ዋስ አልጠየቀም፤ ሰዎች ግን ዋስትናውን ራሳቸው በጓዳ ሠሩት። ልዩነቱ የእቁቡ ዋስ በመዝገብ የሰፈረ መሆኑ ነው። በጓዳ የተሠራው ዋስትና ወሰን የለውም፤ መስመሩን በእጁ ይዞ የሚጠቀመው ሰውም በስሙ የሚቆጠር ታሪክ አያተርፍበትም።

እዚህ ላይ ቅድመ ክፍያ ችግሩን ፈትቶታል የሚል መልስ ይነሣል። መልሱ እውነትነት አለው። በ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. በፖርቱጋልና በጣሊያን የተስፋፋው አስቀድሞ የመክፈል ዘዴ የብድር ታሪክን ጥያቄ ጨርሶ አስቀረው። በእኛም አገር የ5 እና የ10 ብር ካርድ ፍቆ፣ *805* ብሎ ቁጥሩን ማስገባት ለእረኛውም ለነጋዴውም እኩል ነው። ስልክን እስከ ገጠር ያደረሰው ይህ እኩልነት ነው፤ ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን ቅድመ ክፍያ መተማመንን አልፈጠረም፤ መተማመን ሳያስፈልግ መገበያየትን ነው የፈጠረው። ዓመታት ሙሉ በአግባቡ የከፈለ ሰው የብድር ዕለት እንደ አዲስ ሰው ይቆጠር ነበር። በ2014 ዓ.ም መጨረሻ ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር ቴሌብር መላ የተባለውን የብድር አገልግሎት ሲጀምር ይህ መለወጥ ያዘ፤ ደንበኛው በቴሌብር የሚያደርገው እንቅስቃሴ የብድሩ መመዘኛ ሆነ። ጥያቄው ግን በሌላ በኩል ተመለሰ። በ2015 ዓ.ም ሌላው የስልክ ድርጅት ሳፋሪኮም በይፋ አገልግሎት ሲጀምር በአንዱ ድርጅት ዘንድ የተጠራቀመ ታሪክ በሌላው ዘንድ ባዶ ሆነ። ሰው ከአገሩ ሳይወጣ፣ ሲም በመቀየር ብቻ፣ መጤ የሚሆንበት ዘመን መጣ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፦ ዋስ ዘመድ ላለው ነው፣ ዘመድ የሌለውንስ ማን ይጠራዋል? የመንዝ ታሪክ ራሱ ለዚህ ይመሰክራል። ጓሳ የተባለውን የመንዝ የሣር ምድር ሲጠብቅ የኖረው የቀሮ ሥርዓት የማጨድ መብትን ለአቅኚ አባቶቹ ለአስቦና ለጌራ ዘሮች ሰጥቶ ነበር፤ የዘር ሐረጉን መቁጠር ያልቻለ ሰው ማጭድ ይዞ አይገባም። ሣሩን ጠብቆ ያቆየው ጥብቅነት ሰውንም በውጭ አስቀርቷል። እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ የዘለቀው ይህ ሥርዓት የሚያስተምረው ግን ትውልድን መቁጠርና ዋስ መጥራት የተለያዩ መሆናቸውን ነው። ዘር ተፈልጎ አይገኝም፤ ዋስ ግን ይገኛል። አሠሪ፣ የማኅበር አባል፣ ጎረቤት፣ የሃይማኖት አባት ዋስ ሊሆን ይችላል። ዋስ ራሱ ይጎዳል ለሚለውም ሕጉ መልስ አለው፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መሠረት ዋሱ የሚጠየቅበት የገንዘብ ጣሪያ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም። የወር የስልክ ሒሳብን ያህል ለሆነ ዕዳ ጣሪያ መወሰን ደግሞ ቀላል ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ቁጥር አያዳላም የሚለው ነው። የብድር ነጥብ ወንድም፣ ጎሳ፣ አማላጅ አያውቅም፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። የማያዳላው ግን በመዝገብ ላይ ባሉት መካከል ብቻ ነው። ከመዝገብ ውጭ ያለውን ሰው መጥፎም ጥሩም ሳይለው ያልፈዋል፣ ተቋሙም ዝምታውን እንደ ሥጋት ይቆጥረዋል። የ2015ቱ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ይህን ተረድቷል፤ ሰነድ የሌለው ሰው ፋይዳ በተባለው ዲጂታል መታወቂያ በምስክር እንዲመዘገብ በር ከፍቷል። እጅግ ዘመናዊ የሆነው መዝገባችን እንኳ በመግቢያው ላይ ሰው አቁሟል ማለት ነው።

ያ በር ከመታወቂያ አልፎ ወደ ውልና ወደ ብድር መዝለቅ አለበት። የስልክ ድርጅቶች ለአዲስ ደንበኛ ጣሪያው የታወቀ የዋስ ውል ሊያቀርቡ ይገባል፤ በስሙ ያልተመዘገበ መስመር የሚጠቀም ሰውም ክፍያው በራሱ ስም መቆጠር መቻል አለበት። በአንዱ ድርጅት ዘንድ ያጠራቀመውን ታሪክ ደንበኛው ሲጠይቅ በእጁ አግኝቶ ለሌላው ሊያሳይ ይገባል፤ ታሪኩ የሠራው የእርሱ ነውና። አባቶቻችን የማያውቁትን ሰው በሚያውቁት ሰው በኩል ማመን ችለው ነበር። ከእነርሱ የበለጠ መሣሪያ ይዘን ይህን ማድረግ ካልቻልን የጎደለን ቴክኖሎጂ አይደለም፤ ለመጣው ሰው ቦታ የማመቻቸት ፈቃድ ነው።