ዲስሌክሲያ በጀማሪ አንባቢ ልጆች

ዲስሌክሲያ ቃላትን በትክክልና በቅልጥፍና ማንበብንና መጻፍን አስቸጋሪ የሚያደርግ የመማር እክል ነው። ዋና መነሻው አንጎል የቃላትን ድምፆች ለይቶ ከፊደላት ጋር በሚያገናኝበት መንገድ ላይ ነው። በቤተሰብ ውስጥ ተደጋግሞ ይታያል። የስንፍና ወይም የማሰብ ችሎታ ማነስ ምልክት አይደለም።

ታሪክ

ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የፈጠረው ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ሩዶልፍ በርሊን ሲሆን፣ የተጠቀመበትም በአንጎል ሕመም ምክንያት ማንበብ ለተሳናቸው አዋቂዎች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1896 እንግሊዛዊው ሐኪም ፕሪንግል ሞርጋን በሌላ ትምህርቱ ጎበዝ ሆኖ ማንበብ ስላልቻለ የ14 ዓመት ልጅ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ችግሩ ከልጅነት ጀምሮ ሊኖር እንደሚችል እየታወቀ መጣ።

ምልክቶች

ከትምህርት በፊት ዘግይቶ አፍ መፍታት፣ ቤት የሚመቱ ቃላትን ለመለየት መቸገር፣ የዕቃዎችን ስም ቶሎ አለማስታወስ ሊታይ ይችላል። ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ልጁ ትናንት ያወቀውን ፊደል ዛሬ ይረሳል፤ የቃሉን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ አይቶ ቀሪውን ይገምታል፤ አንዱን ቃል በአንድ ገጽ ላይ በሁለት ዓይነት መንገድ ይጽፋል። የተነበበለትን ታሪክ ግን በደንብ ይረዳል። ፊደል ገልብጦ መጻፍ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ብዙ ጀማሪዎች ያደርጉታል።

በአማርኛ ንባብ

አማርኛ በ33 የፊደል ቤቶችና በ7 ሆሄያት የተደረደሩ ከ230 በላይ ቅርጾች አሉት። ልጁ «ለ ሉ ሊ ላ» እያለ በዜማ ሊወጣው ይችላል፤ «ሊ» ለብቻዋ ስትታይ ግን ላያውቃት ይችላል። በቄስ ትምህርት ቤት ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ መቆጠሩ ለዚህ ይጠቅማል፤ ቅደም ተከተሉ ስለሚለወጥ ልጁ ፊደሉን በመልኩ እንጂ በዜማው ብቻ አይለየውም። መጥበቅና መላላት በጽሑፍ አለመታየታቸውም ያስቸግራል። «አለ» ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ»፣ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ «ይገኛል» ማለት ነው።

ከሌሎች ምክንያቶች መለየት

ከክፍል ወደኋላ የቀረ ልጅ ሁሉ ዲስሌክሲያ የለበትም። የዓይን ወይም የጆሮ ችግር፣ ከትምህርት ገበታ መቅረት፣ የተማሪ ብዛት፣ በቤት የሚነገረው ቋንቋ ከትምህርቱ ቋንቋ መለየት ተመሳሳይ ውጤት ያመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ በተካሄደው የንባብ ምዘና ብዙ የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ይህን ያህል ብዛት በዲስሌክሲያ ብቻ አይገለጽም።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ዓይንና ጆሮን ማስመርመር ነው። ቀጥሎ ልጁ በሥርዓት እየተማረ ለተወሰኑ ሳምንታት ይታያል። ሌሎች ልጆች ሲሻሻሉ እሱ እዚያው ከቀረ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ለሌላ ቋንቋ የተዘጋጀ መፈተኛ እንዳለ ወደ አማርኛ ቢተረጎም አስተማማኝ ውጤት አይሰጥም። ይሁን እንጂ ድጋፉ ምርመራው እስኪጠናቀቅ መጠበቅ የለበትም፤ የሚሰጠው ትምህርት ዲስሌክሲያ የሌለበትንም ልጅ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም።

ድጋፍ

ውጤታማ ሆኖ የተገኘው መንገድ ድምፅንና ፊደልን በግልጽና ደረጃ በደረጃ ማስተማር ነው።

• በየቀኑ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ልጁ ሳይደክም መሥራት፤
• በመጀመሪያ በአፍ ብቻ መለማመድ፦ «‹በሬ› በምን ይጀምራል? ‹በ› ቢወጣ ምን ይቀራል?»፤
• ጥቂት ፊደላት በደንብ ሳይታወቁ ወደ ሌላ አለመሄድ፤ እንደ «ሰ» እና «ሸ» ያሉ ተመሳሳዮችን በአንድ ቀን አለማስጀመር፤
• ድምፁን እየጠሩ ፊደሉን በአሸዋ ወይም በአየር ላይ በጣት መጻፍ፤
• በተማሩት ፊደላት ብቻ የተሠሩ አጫጭር ቃላትን ማስነበብ፤
• ከልጁ የንባብ ደረጃ በላይ የሆኑ ተረቶችን ጮክ ብሎ ማንበብለት፤ ቃላትና ዕውቀት እንዳይጎድሉበት ይረዳል።

መምህሩ ልጁን ሳያዘጋጅ በክፍል ፊት እንዲያነብ ባያስገድደው፣ ለፈተና ተጨማሪ ጊዜ ቢሰጠው፣ የሳይንስና የኅብረተሰብ ትምህርት ጥያቄዎችን በቃል ቢጠይቀው እውነተኛ ዕውቀቱ ይታያል። ባለቀለም መነጽርና የዓይን ልምምድ ግን ዲስሌክሲያን እንደሚያሻሽሉ አልተረጋገጠም፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2009 ከዓይን ሐኪሞች ማኅበራት ጋር ባወጣው መግለጫ አልደገፋቸውም።

ውጤት

ዲስሌክሲያ ከዕድሜ ጋር አይጠፋም፤ የንባብ ፍጥነት በአዋቂነትም ዝግ ሊል ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የተጀመረ ድጋፍ ግን ዘግይቶ ከሚመጣው ይበልጥ ይሠራል። ድጋፍ ያጣ ልጅ «ሰነፍ» ሲባል ራሱም ማመን ይጀምራል፤ ከንባብ ይሸሻል፣ ልምምዱ ሲቀንስ ከእኩዮቹ ጋር ያለው ርቀት በየዓመቱ ይሰፋል፤ ትምህርቱን እስከ ማቋረጥም ሊደርስ ይችላል።