ያልሳቀው አሳቂ

የማወራችሁ ዓለምን በሳቅ እያፈረሰ፣ ራሱ ግን በታላላቅ ፊልሞቹ ውስጥ ጥርሱ ስላልታየ ሰው ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ጆሴፍ ፍራንክ ኪተን ነው፤ ዓለም የሚያውቀው በስተር ኪተን ብሎ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1895 በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ ፒኳ በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። አባቱ ጆ እና እናቱ ማይራ ከከተማ ከተማ የሚዞሩ የመድረክ ሰዎች ስለነበሩ፣ ፒኳ የደረሱትም ለትርኢት ነበር። ልጁም ገና አፉን በቅጡ ሳይፈታ መድረክ ላይ ወጣ።

የቤተሰቡ ጨዋታ እንዲህ ነበር፦ ልጅ አባቱን ያናድዳል፤ አባት ልጁን ብድግ አድርጎ ይወረውረዋል። አንዴ ወደ መጋረጃው፣ አንዴ ሙዚቀኞቹ ወደተቀመጡበት። ለመያዝ እንዲመችም በልጁ ልብስ ጀርባ ላይ የሻንጣ እጀታ ተሰፍቶለት ነበር! የኒው ዮርክ የሕፃናት ጥበቃ ማኅበር ነገሩን ሰምቶ ብዙ ታገላቸው። ኋላ ራሱ በስተር እንደተረከው፣ ባለሥልጣናት ልብሱን አስወልቀው ቢመረምሩት አንድም ሰንበር አላገኙበትም። መውደቅ ተምሮ ነበርና።

ሌላም የተማረው ነገር አለ። ወድቆ ሲነሣ ራሱ ከሳቀ ሕዝቡ ዝም ይላል፤ ኮስተር ብሎ፣ ምን እንደደረሰበት ያልገባው መስሎ ከተነሣ ግን አዳራሹ በሳቅ ይናጋል። ያ ኮስታራ ፊት ዕድሜውን ሙሉ ከእሱ አልተለየም።

1917 ላይ አባትየው መጠጥ አብዝቶ ስለነበር ልጅ ተለይቶት ኒው ዮርክ ገባ። በብሮድዌይ መድረክ በሳምንት 250 ዶላር የሚያስገኝ ሥራ ይጠብቀዋል። ታዲያ በመሐል የፊልም ቀልደኛው ሮስኮ አርባክል ወደ ቀረጻ ቦታው ጋበዘው። በስተር በዚያ ያየውን ካሜራ ተውሶ ማደሪያው ወሰደ፤ ብሎኑን እየፈታ ውስጡን አየ፤ መልሶ ገጠመው። በማግሥቱ የ250 ዶላሩን ሥራ ትቶ በሳምንት 40 ዶላር ከአርባክል ጋር ጀመረ። እኔ ይህን ሰው የወደድኩት እዚህ ላይ ነው።

ከ1920 ጀምሮ የራሱን ፊልሞች መሥራት ያዘ። ሕጉ አንድ ነበር፦ ተመልካች ተታለልኩ ብሎ ከጠረጠረ አይስቅም። ስለዚህ ካሜራውን ራቅ አድርጎ፣ ከእግር እስከ ራሱ እየታየ፣ ቀረጻው ሳይቆረጥ ይወድቃል። «ሸርሎክ ጁኒየር» በተባለው የ1924 ፊልም ከውኃ ታንከር የሚወርድ ውኃ ደፍቶት አንገቱ ከባቡር ሐዲድ ጋር ተጋጨ። ራሱን አመመው፤ ግን ተነሥቶ ሥራውን ቀጠለ። ከዓመታት በኋላ አንድ ሐኪም ራጅ አንሥቶት ነው አንገቱ ተሰብሮ መዳኑ የታወቀው።

አሁን ደግሞ ወደ 1928 ልውሰዳችሁ፤ ፊልሙ «ስቲምቦት ቢል ጁኒየር» ነው። አውሎ ነፋስ ከተማዋን እያፈራረሰ ነው። በስተር ጀርባውን ለአንድ ቤት ሰጥቶ ቆሟል። የቤቱ የፊት ግድግዳ በሙሉ ከቤቱ ተላቆ በላዩ ላይ ይወድቃል። ክብደቱ 2 ቶን ያህል፣ 20 ኩንታል ገደማ ማለት ነው! ሰውዬው የተረፈው ልክ በቆመበት ቦታ ላይ የተከፈተ መስኮት ስላረፈ ነው። በትከሻውና በመስኮቱ ክፈፍ መካከል የነበረው ክፍተት ጥቂት ጣት ቢሆን ነው። የሚቆምበትን ቦታ ለክተው በምስማር ምልክት አድርገዋል፤ ከዚያ ንቅንቅ ቢል አለቀ። ከሠራተኞቹ ማየት ያልቻሉ ፊታቸውን አዞሩ ይባላል። ግድግዳው ወደቀ፤ አቧራው ተነሣ፤ በስተር እንደቆመ ነው። ምስሉን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ አሁንም ትንፋሼን እይዛለሁ።

ከዚያ በፊት «ዘ ጄኔራል» አለ። በ1862 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በእውን ከተፈጸመ የባቡር ጠለፋ የተወሰደ ታሪክ ነው። በ1926 ኦሪገን ውስጥ፣ ኮቴጅ ግሮቭ አጠገብ፣ እውነተኛ ባቡር በሚቃጠል ድልድይ ላይ አሳልፎ ወንዝ ውስጥ ከተተው። 42 ሺህ ዶላር ወጣበት የሚባለው ያ ትዕይንት ዳግመኛ ሊቀረጽ የሚችል አልነበረም። ፊልሙ ሲወጣ ግን ተቺዎች አጣጣሉት፤ ገበያውም ከወጪው ጋር አልተመጣጠነም።

በ1928 የራሱን ስቱዲዮ ትቶ ለትልቁ የፊልም ኩባንያ ኤም ጂ ኤም ፈረመ። ቻርሊ ቻፕሊን ሳይቀር አይሆንህም ብሎት ነበር። በስተርም ኋላ በሕይወቴ የሠራሁት ትልቁ ስሕተት እሱ ነው ብሏል። እዚያ ቀልዱን ቦታው ላይ ሆኖ መፍጠር ቀረ፤ አስቀድሞ የተጻፈውን ተከተል ተባለ፤ አደገኛ ትዕይንት አትሥራም ተባለ። ፊልሞቹ ገንዘብ ማስገባታቸው አልቀረም፤ የእሱ ግን አልነበሩም። መጠጥ ያዘው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ በ1932 ትዳሩ ፈረሰ፤ የሁለት ወንዶች ልጆቹ የአባት ስም እንኳ ተቀየረ፤ በ1933 ከሥራ ተባረረ። 20 ኩንታል ግድግዳ ያልነካውን ሰው የሰበረው ሥራውን ከእጁ መንጠቃቸው ነው፤ እኔ ይህን አምናለሁ።

ደግነቱ ታሪኩ እዚያ አላበቃም። በ1940 ኤሊኖር ኖሪስ የተባለች ወጣት ዳንሰኛ አገባ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም አልተለየችውም። ወደዚያው ወዳባረረው ስቱዲዮ ተመልሶ በአነስተኛ ደመወዝ ለሌሎች ተዋንያን ቀልድ ይፈጥር ነበር። ፓሪስ በሰርከስ መድረክ ላይ ሠራ። በ1952 «ላይምላይት» ውስጥ ከቻፕሊን ጋር አብሮ ታየ። ቀድሞ የእሱ የነበረውን ቤት የገዛው ተዋናይ ጄምስ ሜሰን፣ ጠፍተዋል የተባሉ የፊልም ጥቅሎቹን እዚያው ግቢ ውስጥ አገኘ። በ1960 የክብር ኦስካር ተሰጠው። በ1965 በቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበለት። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1966 በ70 ዓመቱ በሳንባ ካንሰር ዐረፈ።

ያ የተጣጣለው «ዘ ጄኔራል» በ1989 የአሜሪካ መንግሥት ለዘለቄታው ተጠብቀው እንዲቆዩ ከመረጣቸው የመጀመሪያዎቹ 25 ፊልሞች አንዱ ሆነ። ለማየት የምትፈልጉ ግን በ1920 በሠራው «አንድ ሳምንት» ጀምሩ። ሃያ ደቂቃ ገደማ ናት፤ አዲስ ተጋቢዎች ቁጥሩ የተዛባ ተገጣጣሚ ቤት ሲሠሩ ታሳያለች። አስተርጓሚ አያሻትም፤ አያታችሁንም፣ ትንሹን ልጃችሁንም አጠገባችሁ አስቀምጧቸው።