ከሙወቂቱ የፀሐይ ሰዓት እስከ 35 ዶላሯ ኮምፒውተር

ስልካችን የሶላት ሰዓት ደረሰ ሲለን «ሰዓቱን ትክክል ያደረገው ማን ነው?» ብለን አንጠይቅም። ድሮ ግን ለዚህ ጥያቄ ኃላፊ የሆነ ሰው ነበር፤ ሙወቂት ይባላል። በደማስቆው የኡመያ መስጂድ ሙወቂት የነበረው ኢብኑ ሻጢር በ773 ሒጅራ (1371 እ.ኤ.አ.) ለመስጂዱ ሚናራ ትልቅ የፀሐይ ሰዓት ሠራ። እርሱ ከፀሐይ ያገኘውን ሰዓት ሳያዛባ ለሕዝቡ ያደርስ ነበር።

ዛሬ በኮምፒውተሮች መካከል ይህን አደራ የያዘው የሰዓት ሰርቨር ነው። አሜሪካዊው ዴቪድ ሚልስ በ1985 እ.ኤ.አ. ኤንቲፒ የተባለውን የሰዓት ማስተካከያ ሥርዓት በሰነድ አወጣ። ሰዓቱ የተዛባ ኮምፒውተር ድረ ገጽ አልከፍትም ሊል ይችላል፤ ፋይሎቹም የትኛው ቀድሞ እንደተጻፈ ማወቅ ያስቸግራል።

በ2012 እ.ኤ.አ. ራስፕቤሪ ፓይ የተባለችው ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒውተር በ35 ዶላር ስትወጣ፣ ብዙዎች የጂፒኤስ መቀበያ ገጥመው የሰዓት ሰርቨር አደረጓት። ሳተላይቶቹ አቶሚክ ሰዓት ስለሚይዙ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሰዓቱ ከሰማይ ይመጣል። ሥራው ቀላል ስለሆነም ፈጣን ፕሮሰሰር አያስፈልግም።

ታዲያ ስንመርጥ ምን እንይ?

አንደኛ፣ የኔትወርክ ገመዱን መንገድ። እስከ ሦስተኛው ትውልድ ድረስ የፓይ ኔትወርክ በዩኤስቢ በኩል ስለሚያልፍ መልእክቱ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል። ይህ የተስተካከለው በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣው በአራተኛው ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. በ45 ዶላር የወጣው ቢግልቦን ብላክ ግን ከመጀመሪያው ቀጥተኛ መስመር ነበረው።

ሁለተኛ፣ ባትሪ ያለው ሰዓት። የቀድሞዎቹ ፓዮች ይህ ስለሌላቸው መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን ይረሳሉ። አምስተኛው ሰዓቱን ይዞ መጥቷል፤ ባትሪው ግን ለብቻው ይገዛል። ለሌሎቹ ትንሽ የሰዓት ሞጁል ገዝቶ መግጠም ይቻላል።

ሦስተኛ፣ በየሰከንዱ ምት የሚሰጥ ጂፒኤስ። ምቱ በዩኤስቢ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሰሌዳው ፒን ይግባ።

መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥባቸው ከተሞቻችን፣ ለአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ኢብኑ ሻጢርን የምናደንቀው በታሪክነቱ ብቻ ከሆነ ግማሹን ትምህርት ትተናል። ሰዓትን በአደራ መጠበቅ ዛሬም ሰው ይፈልጋል፤ መሣሪያውም በእጃችን ሊገባ የሚችል ነው።